አንገተ መላጣዋን ያስገኘው ማነው?

በአንድ ወቅት፣ ፀሐይዋ በማትራራበት የቆላ አገር፣ ከአንገረብ ወንዝ ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ታላቅየዋ ባንቻየሁ፣ መካከለኛው ዳኘው፣ ታናሽየዋ ትሁን ይባላሉ። አባትና እናታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ ባንቻየሁ አሥራ ዘጠኝ፣ ዳኘው አሥራ ሦስት፣ ትሁን ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ያሳደገቻቸው ባንቻየሁ ናት።

እንደሚዋደዱ ከተማው ያውቃል። እንደሚቀናኑም ያውቃል። በተለይ ዳኘው የቅናት ሰው ነበር። በልጅነቱ ለትሁን የተቆረሰላት ዳቦ ከእሱ መብለጥ አለመብለጡን በዓይኑ ሳይለካ አይጎርስም። ባንቻየሁ የትሁንን ፀጉር ስትጎነጉን ካየ «እኔንም ራሴን አሞኛል» ብሎ ጭኗ ላይ ይጋደማል። ይህን ጠባዩን ራሱም ያውቀዋል፤ ያፍርበታል፤ አልተወውም እንጂ።

ወላጆቻቸው በሞቱ በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ እንደ እሳት የሚፋጅ ሙቀት መጣ። የከተማው ዶሮዎች ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ በየጥላው ሥር ይወድቁ ጀመር። በዚያው ሰሞን በባንቻየሁ የቆርቆሮ ዶሮ ቤት ውስጥ አንዲት እናት ዶሮ አሥራ አንድ ዕንቁላል ታቅፋ ነበርና ፈለፈለች። አሥሩ ጫጩቶች እንደ ማንኛውም ጫጩት ናቸው። አሥራ አንደኛዋ ግን ከአንገቷ እስከ ደረቷ አንዲት የላባ ዘር የላትም፤ ቆዳዋ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይታያል።

«እረጃት» አለች የጎረቤት ሴት፣ ፊቷን አዙራ። «ይቺ ገድ የላትም።»

«ምን አደረገችሽ?» አለች ባንቻየሁ።

«አታስጠላም?»

«እኔን አላስጠላችኝም።»

ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ ሲብስ አሥሩ ላባሞች አንድ በአንድ አለቁ፤ የተረፈው አንድ አውራ ብቻ ነው። መላጣዋ ግን በእኩለ ቀን ፀሐይ ቆሻሻ ስትጭር ትውላለች። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል፤ አይቶም «ጉድ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ሄዷል። ባንቻየሁ ግን ቁጭ ብላ አሰበች። ቄቧ ስታድግ ከተረፈው ወንድሟ ጋር አገናኘቻት። ከመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች አንድም መላጣ አልወጣም። ሰው ሳቀባት። እሷ ከልጆቹ መካከል አንዱን አውራ መርጣ መልሳ ከእናቱ ጋር አገናኘችው፤ ያን ጊዜ ሦስት መላጣ ጫጩቶች ወጡ።

እንዲህ አድርጊ ብሎ ያስተማራት ማንም የለም። መላጣ የወለዱትን ዶሮዎች እግራቸው ላይ ቀይ ክር ታስራለች፤ ያልወለዱትን ነጭ። ክር እያሰረች፣ እየመረጠች፣ ዐሥራ አምስት ዓመት አለፈ። በመካከሉ አንድ ደህና ሰው፣ ልብስ ሰፊ፣ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ኑሮው ደጋ ነው። «ዶሮዎቼ ደጋ ምን ይሠራሉ?» ብላ እምቢ አለች። ከዚያ በኋላ የጠየቃት የለም። በዐሥራ አምስተኛው ዓመት ግቢዋ ውስጥ ስልሳ መላጣ ዶሮዎች ነበሩ፤ በሙቀት የሚሞት ከእነሱ አንድ እንኳ የለም።

አንድ ነገር ግን ነበረባት። ላባ ለብሰው የሚወጡትን አውራዎች «ለእኔ አይረቡም» ብላ ለጠየቃት ሁሉ ትሰጣለች። መላጣ ግን ለማንም አትሰጥም፤ ለዘመድም ለባዳም።

ዳኘው ትልቅ ከተማ ሄዶ ተምሮ በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ዘረመል የሚያነብ ሰው ሆኖ ነበር። ሥራው ከአንዲት የደም ጠብታ ውስጥ የእንስሳውን አካል የሚሠራውን ረጅም ጽሑፍ አውጥቶ ፊደል በፊደል ማንበብ ነው። አንድ ቀን ወደ እህቱ ዘንድ ወረደ።

«እታለም፣ ሁለት መላጣ ስጪኝና ልውሰድ። አንድ አውራ፣ አንዲት ሴት።»

«ደም ውሰድ» አለችው። «ዶሮ አልሰጥም።»

«ለእኔም?»

«እናንተ ትሄዳላችሁ፤ እኔ እዚሁ እቀራለሁ። ዶሮዎቹም ከሄዱ እኔ ምን ልባል ነው?»

ደሙን ወስዶ ሄደ። ዓመት ሳይሞላ ግን ትሁን መጥታ ባንቻየሁ ቤት ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛ እንደዘረጋች ሰማ። ትሁን የተማረችው ሌላ ነው፤ ከአንድ ጠብታ ፈሳሽ ተነስቶ ጫጩት እስኪሆን ድረስ በዕንቁላል ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው። ባንቻየሁ «ከግቢ እንዳይወጣ እንጂ እዚሁ ክፈቺው» ብላ ዕንቁላል ፈቅዳላታለች። ይህን ሲሰማ ዳኘው ምሳውን መጨረስ አቃተው። ለእኔ ደም፣ ለእሷ ዕንቁላል፣ እያለ ሲብከነከን ሰነበተ።

ቅናቱ ግን አላስተኛውም፤ አሠራው። የመላጣዎቹንና የላባሞቹን ደም ጎን ለጎን አድርጎ ስድስት ዓመት አነበበ። ዓይኑ ደከመ፤ መነጽር አደረገ። መጀመሪያ የጠበቀው ላባ የሚሠራው ክፍል ተበላሽቶ አገኘዋለሁ ብሎ ነበር። አልተበላሸም። ላባ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው ቃል በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለውም። ልዩነቱን ያገኘው ከዚያ በጣም ርቆ ነው፦ ከሌላ ምዕራፍ ተገንጥሎ መጥቶ ያለቦታው የተሰፋ ገጽ የመሰለ አንድ ቁራጭ። ይህ ቁራጭ በራሱ ምንም አይሠራም። አጠገቡ ያለውንና «እዚህ ላይ ላባ አይብቀል» የሚለውን መልእክት ግን ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ቁራጩን ከአባትም ከእናትም የወረሰ ዶሮ መላጣ ይሆናል። ከአንዳቸው ብቻ የወረሰው ላባውን ለብሶ፣ ቁራጩን በደሙ ደብቆ ይኖራል።

ትልቅ ነገር ነበር። ሬዲዮ ጠራው። ለግማሽ ሰዓት ተናገረ፤ ተናግሮ ተናግሮ የባንቻየሁንም የትሁንንም ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም። ሁለቱ እህቶች ቆላ ሆነው፣ ሬዲዮኑን መካከላቸው አስቀምጠው ሰሙት። «ረስቶት ይሆናል» አለች ባንቻየሁ።

ትሁን በዚያን ጊዜ ማንም የማያውቀውን ነገር ታውቅ ነበር። ዕንቁላሎቹን ቀን በቀን እየከፈተች ስታይ፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን የሽሉ ቆዳ ላይ ላባ የሚሆኑት ነጠብጣቦች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ፤ እንደ ዘር። በጀርባ ይዘራሉ፣ በጭን ይዘራሉ፣ አንገቱ ላይ ሲደርሱ ይቀራሉ። እንዳይብቀል የሚለው መልእክት ግን በጀርባውም አለ! ጀርባው አልሰማ ብሎ ነው፤ የሚሰማው የአንገት ቆዳ ብቻ ነው። ለምን እንደሚሰማ ስትመረምር የአንገት ቆዳ ብቻ የሚያመነጨው ነገር አገኘች። ያንን ነገር በተራ የላባም ሽል ጀርባ ላይ መልእክቱን ከሚያደርሰው ፈሳሽ ጋር ጠብ ስታደርገው ጀርባው መላጣ ሆነ። እንዲህ ያለ ጫጩት ከዚያ በፊት በምድር ላይ አልነበረም። በእጇ የሠራችው ነው።

ሌላም ነገር ደረሰችበት። በትንሿ የመፈልፈያ ማሽኗ ያስቀመጠቻቸው የመላጣዎች ዕንቁላሎች አንገታቸው ላይ ነጠብጣብ ይዘው ያድጋሉ፤ በቆርቆሮው ቤት በእናት ዶሮ ሥር ያሉት ግን ባዶ አንገት ናቸው። የአንዱም የሌላውም ወላጆች መላጣ ናቸው። ሙቀቱን ለካች። የቆርቆሮው ቤት ከማሽኑ በአንድ ዲግሪ ተኩል ይበልጣል። የአንገቱ ቆዳ የሚሰማው በሦስት ቀናት፣ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው፣ እንደ ቆላ ሲሞቅለት ብቻ ነው። ይህን በደብተሯ ጻፈች። ለወንድሟ ልትነግረው ነበር፤ በማግስቱ ሬዲዮው ተናገረ። ደብተሩን ዘጋችው።

ከዚያ በቀጠለው ጥቅምት ላይ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባ። ክትባት ሳይደርስ ከተማውን አካለለው። ሰኞ ዕለት አንዲት መላጣ አንገቷን ጠምዝዛ ተገኘች፤ እስከ ቅዳሜ ከስልሳው አንዱም አልቀረም፤ በትሁን ማሽን ውስጥም ያኔ ዕንቁላል አልነበረም። ባንቻየሁ እያንዳንዳቸውን ከእግራቸው ቀዩን ክር እየፈታች ቀበረቻቸው።

ዳኘው ሰምቶ መጣ። እህቱን ባዶው የዶሮ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሲያያት አለቀሰ። እያለቀሰ ግን በልቡ ጥግ አንዲት ትንሽ ነገር ስትንቀሳቀስ ተሰማችው፦ እንግዲህ የመላጣዋ ዶሮ ነገር የቀረው እኔ ያነበብኩት ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው፣ የምትል። ምን እንደሆነች አወቃት። እንዳወቃትም ከእህቱ ፊት ተነሥቶ ወጣ፤ ሊያያት አልቻለም።

«ሁለት ጠይቄሽ ነበር» አላት ተመልሶ መጥቶ። «ሰጥተሽኝ ቢሆን ዛሬ ዘር ነበረን።»

«አውቃለሁ» አለች ባንቻየሁ።

ከዚያ በኋላ ዳኘው ያደረገውን ሌላ ሰው አያደርገውም። እህቱ ባለፉት ዓመታት ላባም አውራ የሰጠቻቸውን ሰዎች ሁሉ ስም ጠየቃት፤ እያስታወሰች ነገረችው። ከፈንግሉ ያመለጡ ሦስት የገጠር ቀበሌዎች ነበሩ። በእግሩ ሄደ። ከቤት ቤት እየዞረ የየሰዉን ዶሮ እያስያዘ አንዳንድ ጠብታ ደም ወሰደ። ውሻ አሳደደው፤ «ደም የሚመጥ ሰው መጣ» ብለው በር የዘጉበትም አሉ። አርባ ቀን ፈጀበት። ከአራት መቶ በላይ ዶሮ አየ፤ ሁሉም ላባም፣ ሁሉም ተራ። ደማቸውን ሲያነብ ቁራጩን የደበቁ ሁለት አገኘ፦ አንድ ጠላ ሻጭ ቤት ያለች ገብስማ ሴት ዶሮ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ቤት ያለ ቀይ አውራ። ዓይን አይቶ የማይለያቸው ናቸው። ለምኖ ወሰዳቸው፤ አገናኛቸው፤ አሥራ ሁለት ዕንቁላል አገኘ።

«ግማሹን ስጠኝ፣ ወንድምጋሼ» አለችው ትሁን።

«አራት ይበቃሻል።»

«ስድስት ብትሰጠኝ ምን ትሆናለህ?»

«አራት ይበቃሻል አልኩ።»

ለባንቻየሁ አንድም አላስቀረላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ስምንቱን በጥጥ ጠቅልሎ አውቶቡስ ተራ ሄደ። ትሁን ልትሸኘው አብራው ነበረች። የተቋሙ ማሽን ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቆም ታውቃለች። ዕንቁላሎቹ ምን ሆነው እንደሚወጡ ታውቃለች። ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ሲያያት፣

«በሰላም ግባ፣ ወንድምጋሼ» አለችው። አውቶቡሱ ሄደ።

በሃያ አንደኛው ቀን ስምንቱም ተፈለፈሉ። የተቋሙ ሰዎች ተሰብስበው ያያሉ። ስምንቱም ላባም። ዳኘው ደማቸውን አነበበ፤ ሁለቱ ቁራጩን ከአባትም ከእናትም ወርሰዋል። መላጣ መሆን ነበረባቸው። አንገታቸው ግን በወርቃማ ለስላሳ ላባ ተሸፍኗል።

«ጽሑፍህ ዋሸ እንዴ፣ ዳኘው?» አለው አንድ ባልደረባው። ሌሎቹ ሳቁ። ሬዲዮ የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ዳኘው ደግሞ አነበበ፤ ደግሞ ደጋግሞ አነበበ። ያው ነው።

በዚያው ሳምንት ስልኩ ጮኸ።

«ከአራቱ አንዷ መላጣ ናት» አለችው ትሁን።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ጠፋ የተባለው ዘር ተገኘ፤ ያነበበውም ውሸት እንዳልነበረ ታወቀ። እሱ ግን ስልኩን እንደያዘ መቁጠር ጀመረ። ለምን በእሷ እጅ? ስምንት ይዤ ሳላገኝ በአራት እንዴት አገኘች?

ቆላ ወርዶ ሲደርስ ጫጩቷ ካርቶን ውስጥ ቆማ ትጮኻለች፤ አንገቷ ቀይ፣ ደረቷ ባዶ። ባንቻየሁ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ትሁን ቆማለች። ትሁን ደብተሯን ከፍታ ስለ ሦስቱ ቀናት፣ ስለ አንድ ዲግሪ ተኩሉ አስረዳችው። አራቱን ዕንቁላሎች ከስድስተኛው ቀን እስከ ስምንተኛው ድረስ ማሽኗን ከፍ አድርጋ አሙቃቸዋለች።

ዳኘው የደብተሩን ቀን አየ። የተጻፈው ከዓመት በፊት ነው።

«አውቀሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«አውቶቡስ ተራ ቆመሽ ስትሸኚኝ ታውቂ ነበር።»

«አንተስ ሬዲዮ ላይ ስሜ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር?»

ባንቻየሁ ጫጩቷን አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻት።

ወሬው ተሰማና የእንስሳት ዝርያ የሚመዘግብ አቶ አለኸኝ የሚባል ሹም እዚያች ቆላ ከተማ ድረስ መጣ። ረጋ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እንዲመዘገብ አስቀድሞ ያመለከተው ዳኘው ስለነበረ ቅጹን ለእሱ ሰጠው። ሁሉም መሥመር ሞላ፤ አንድ መሥመር ቀረ፦ «ዝርያውን ያስገኘው ሰው ስም።»

«ሦስታችንን ብንጽፍስ?» አለ ዳኘው። ከአንደበቱ ወጣ እንጂ በልቡ አልፈለገውም፤ እህቶቹም እንዳልፈለጉት ከፊታቸው ያስታውቃል።

«ቦታው የአንድ ሰው ነው» አለ አቶ አለኸኝ። «ዝርያው በዚያ ሰው ስም ይጠራል። ለማን ይሰጥ፣ የት ይርባ፣ ማን ይመርምረው የሚለውን የሚወስነውም እሱ ነው። ሌሎቹ እሱን እያስፈቀዱ ይሠራሉ። ባዶ ከሆነ ጫጩቷን ለመንግሥት እርባታ ወስጄ እሄዳለሁ። እርባታው ያለው ደጋ ነው። አውቶቡሱ በስድስት ሰዓት ይነሣል።»

ሰዓቱ አምስት ተኩል ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው ባንቻየሁ ናት። ስለ ድካሟ ተናግራ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ተናገረች። «እረጃት ሲሉኝ ያላረድኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን አርጃት ቢሆን አንተ ምን ታነብ ነበር፣ አንቺስ ምን ትከፍቺ ነበር? ዳኘው በየቤቱ ዞሮ ያገኛቸው የእኔ አውራዎች ልጆች ናቸው። ትሁን አሞቅኩ ትላለች፤ አራቱን ለእኔ ብትተዉልኝ የቆርቆሮ ቤቴ ያለ ትምህርት ያሞቃቸው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ያሞቃቸው ማነው?»

«አውራዎቹን የሰጠሽው እኮ አይረቡም ብለሽ ነው፣ እታለም» አለ ዳኘው። «ዘሩን የበተንሽው ንቀሽው ነው። የሚረባውንማ ቆልፈሽበት ፈንግል በላው። እናንተ ሁለታችሁ የምታውቁት በዓይን የሚታየውን መላጣነት ነው፤ እሱ ሲጠፋ ጠፋ አላችሁ። ዶሮዋ ላባ ለብሳ ስትሄድ መላጣነት በውስጧ እንዳለ ያወቀ እኔ ነኝ። እኔ ባልዞር ዛሬ የምንጨቃጨቅባት ጫጩት የለችም። ዶሮዋን ዶሮ የሚያደርጋት ያ ጽሑፍ ነው።»

«ጽሑፉ?» አለች ትሁን። «ጽሑፉ በተቋምህ ባስፈለፈልካቸው በሁለቱ ላይም አለ። ሂድና አንገታቸውን እየው! ጽሑፍ በራሱ አንገት አይሆንም፣ ወንድምጋሼ። የሚሰማው ቆዳ ያስፈልገዋል፤ ቆዳውም የሚሰማበት ቀን አለው። ያንን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እታለም የመጣላትን ጠበቀች፣ አንተ የነበረውን አነበብክ። እኔ ግን እንዴት እንደሚሆን ስላወቅኩ ያልነበረውን ጀርባ መላጣ ጫጩት ሠርቻለሁ። አስገኘ የሚባለው እንዴት እንደሚገኝ ያወቀ አይደለም እንዴ?»

«አውቀሽ ደበቅሽ እንጂ» አለ ዳኘው።

«ደበቅኩ» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ሦስት መላጣ ይኖሩን ነበር። አውቃለሁ። አንተም ስድስት ብትሰጠኝ ኖሮ ምናልባት ሁለት ይኖሩን ነበር። እሱንስ ታውቃለህ?»

ዳኘው ያውቀዋል። አርባ ቀን በእግሩ ሲዞር ያልሸሸውን ያህል ከዚያች ጥያቄ መሸሽ ፈለገ። አራት የሰጣት ለሥራው ብሎ አልነበረም፤ ከእሱ በላይ እንዳታገኝ ብሎ ነው። ስምንቱን የወሰደው መልካም ማሽን ስላለው አልነበረም፤ ሲፈለፈሉ እሱ እንዲኖር፣ የሚጨበጨብለት እሱ እንዲሆን ነው።

አቶ አለኸኝ ዳኘው በእጁ የያዘውን እርሳስ ወስዶ በእስክሪብቶ ተካለት። «በቀለም ነው የሚጻፈው» አለ። ጣልቃ አልገባም፤ ማንንም አልደገፈም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ከሦስታችሁ አንዳችሁ ባትኖሩ ኖሮ ይቺ ጫጩት ትኖር ነበር?»

ሦስቱም «አትኖርም» አሉ። ይህ ግን ነገሩን አልፈታውም፤ እያንዳንዳቸው የተናገሩት ራሳቸውን አስበው ነውና።

ዳኘው እስክሪብቶውን ያዘ። የራሱን ስም ለመጻፍ እጁ እንደሚፈጥን ያውቃል፤ ስድስት ዓመት ያነበበበት ዓይኑ፣ አርባ ቀን የሄደበት እግሩ፣ ያ ሁሉ «ጻፍ» ይለዋል። ደግሞም ሐሰት አይሆንም። የባንቻየሁን ልጻፍ ቢል፣ ዘሩን መልሳ በአንድ ግቢ ውስጥ ትቆልፈዋለች፣ ሌላ ፈንግል ይመጣል ብሎ ይፈራል፤ ግን ወጣትነቷን ለዶሮዎቿ የሰጠች ሴት ከእሱ አጠገብ ቁጭ ብላለች፣ በሥራ ብዛት የሻከሩ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋለች። የትሁንን ልጻፍ ቢል ነገሩን ከሥሩ የምታውቀው እሷ ናት፤ ነገ ሌላ ሙቀት፣ ሌላ በሽታ ቢመጣ መላ የምታገኘውም እሷ ናት። ግን አውቶቡስ ተራ ቆማ «በሰላም ግባ» ያለችው ትታየዋለች፤ በዓይኑ ዳቦ የሚለካው ልጅ እንደገና ይነሣል። የማንን ስም ቢጽፍ ለእውነት እንደጻፈ፣ የማንን ቢጽፍ ለቅናቱ እንደጻፈ፣ መለየት ተሳነው።

እህቶቹ ወረቀቱን ያያሉ። ጫጩቷ ባንቻየሁ ጉያ ውስጥ ሞቋት ዝም ብላለች። ከመንገዱ ማዶ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ።

እኔ ነገሩን የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ የነገረኝም ሰው ከዚህ አላለፈም። እንግዲህ ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ተከራከሩበት። አንዷ ባታየውና ባትመርጠው አይኖርም ነበር። አንዱ ባያነበውና ባይፈልገው ጠፍቶ ይቀር ነበር። አንዷ እንዴት እንደሚሆን ባትረዳ አይገለጥም ነበር። ሦስቱም ሰጡ፣ ሦስቱም ነፈጉ። እስክሪብቶው በእናንተ እጅ ቢሆን፣ ያን ባዶ መሥመር በማን ስም ትሞሉታላችሁ? ያቺን አንገተ መላጣ ያስገኘው ማነው?